ፍሬሹ ይሻላል ጂሲው? የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ኮከብን ለኤንቢኤ ስንመዝን

የኤንቢኤ ድራፍት ኒውዮርክ ላይ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲጀመር እዚህ ጎንደር ሌሊቱ 9 ሰዓት ሆኗል። ሰኔ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል፣ መብራት ይሄዳል ይመጣል፣ እኛ አራት ሆነን አንዲት ስልክ ላይ አፍጥጠናል። ጾም ስለሆነ ውርርዱ የሚከፈለው ሐምሌ 5 ጾሙ ሲፈታ ነው፤ የተሸነፈ ፒያሳ ወስዶ ጥብስ ይጋብዛል። እኔ ብዙ ጥብስ ከፍያለሁ። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ኪሳራ የተረፈ ነው በሉት።

ክርክራችን በየዓመቱ ያው ነው። አንድ የ19 ዓመት ልጅ አለ፤ ኮሌጅ የቆየው አንድ ዓመት ብቻ፣ ቁመናው እጅ በአፍ ያስጭናል፣ ጨዋታው ግን ገና ጥሬ ነው። ሌላው ደግሞ አራት ዓመት ሙሉ የተጫወተ፣ ነጥብ እንደ ውሃ የሚቀዳ፣ ያለውን ሁሉ ያሳየ የ22 ዓመት ጎልማሳ ነው። በግቢ ቋንቋ አንዱ ፍሬሽ፣ ሌላው ጂሲ። የትኛው ይወሰድ? አንደኛው ጓደኛችን ቁመት ካየ ነገሩ አለቀ። ሌላው የነጥብ ሰንጠረዥ ካልቀረበለት አያምንም። እኔ በየተራ ሁለቱንም ሆኜ ከስሬያለሁ።

ለጨዋታው አዲስ ለሆነ ሰው ያህል፦ ኤንቢኤ የአሜሪካ ትልቁ የቅርጫት ኳስ ሊግ ነው፤ ድራፍት ደግሞ ክለቦቹ ተራ በተራ አዳዲስ ልጆችን የሚመርጡበት ሥርዓት ነው። ሁለት ዙር አለው፤ በቅጣት ምርጫውን ያጣ ክለብ ከሌለ 60 ልጆች ይመረጣሉ። ከ2006 ድራፍት ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው) ተመራጩ በዚያው ዓመት 19 የሚሞላው መሆን አለበት፤ አሜሪካ የተማረ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃን ከጨረሰ ቢያንስ አንድ ዓመት ሊያልፈው ይገባል። አንድ ዓመት ብቻ ኮሌጅ ደርሶ የሚወጣው ልጅ የበዛው በዚህ ሕግ ምክንያት ነው። ሴቶቹ ጋ ጥያቄው እምብዛም አይነሳም። ደብሊውኤንቢኤ የኮሌጅ ተጫዋችን የሚቀበለው 22 በሚሞላት ዓመት ወይም የአራት ዓመት ትምህርቷን ስትጨርስ ነው፤ ኬትሊን ክላርክም አይዋ ውስጥ አራት ዓመት ተጫውታ ነው በ2024 አንደኛ የተመረጠችው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። በመጀመሪያው ዙር የተመረጠ ልጅ ውሉ ለሁለት ዓመት የተረጋገጠ ነው፤ ሦስተኛውንና አራተኛውን ዓመት ክለቡ ከፈለገ ይጨምራል። ስለዚህ ክለቡ የሚገዛው የዛሬውን ልጅ ሳይሆን የሚቀጥሉትን አራት ዓመታት ነው። ፍሬሹ ውሉን ሲጨርስ 23 ይሆነዋል፣ ጂሲው 26 ወይም 27።

ጥርሱን እይ

ደምቢያ ያለ አጎቴ በሬ ሊገዛ ገበያ ሲወጣ፣ ሻጩ ስለ ሻኛውና ስለ ቀንዱ ሲያወድስ ዝም ብሎ ይሰማዋል። ከዚያ ጠጋ ብሎ ከንፈሩን ይገልጥና ጥርሱን ያያል። ዕድሜውን ሳያውቅ ስለ ጉልበቱ አይነጋገርም። እኔ ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ እያየሁ አድጌ፣ በ2011 ግን ረሳሁት።

ያን ዓመት ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ የሚጫወት ጂመር ፍሬዴት የሚባል ልጅ አሜሪካን አሳብዶ ነበር። እኛም አራዳ ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብለን፣ ቪዲዮው እስኪከፈት ማኪያቶ ጠጥተን እየጨረስን፣ ከመሃል ሜዳ አካባቢ ሲያስቆጥር እናይ ነበር። በጨዋታ በአማካይ 28.9 ነጥብ፤ ከአገሩ ኮሌጆች ሁሉ አንደኛ። ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ ዴቪድሰን የምትባል ትንሽ ኮሌጅ ሳለ ስቴፈን ከሪ 28.6 አስቆጥሮ በተመሳሳይ አንደኛ ሆኖ ነበር። «ይኸው ሁለተኛው ከሪ!» ብዬ ጥብስ አስያዝኩ። ፍሬዴት በ10ኛነት ተመረጠ። ኤንቢኤ ውስጥ ክለብ ከክለብ እየተንከራተተ በአማካይ 6 ነጥብ ገደማ ይዞ ወጣ፤ ስሙን ያደሰው ቻይና ሄዶ ነው። ከሪ የኤንቢኤ ታላቅ ኮከብ መሆኑን መናገር አያስፈልገኝም።

ሁለቱን ጎን ለጎን ካስቀመጥናቸው ነጥባቸው እኩል ነው። ሁለቱም የቅጣት ምት፣ ማለትም ፍሪትሮ፣ አይስቱም፤ ከመቶ 88 አካባቢ ናቸው። ልዩነቱ የት ነው? የመጀመሪያው ጥርሳቸው ላይ ነው። ከሪ ፍሬሽ ሳለ 21.5፣ ሁለተኛ ዓመት 25.9፣ ሦስተኛ ዓመት 28.6 አስቆጠረ። ፍሬዴት ፍሬሽ ሳለ 7.0፣ ሁለተኛ ዓመት 16.2፣ ሦስተኛ ዓመት 22.1፣ ጂሲ ሆኖ 28.9። ፍሬዴት ሦስት ዓመት ለፍቶ የደረሰበት ቦታ ላይ ከሪ እንደ መጣ ነበር የቆመው። በ20 ዓመት ልጅና በ22 ዓመት ልጅ መካከል ያለው ክፍተት በሰንጠረዡ ላይ አይታይም፤ ሁለቱም «28» ነው የሚለው። ጂሲው ግን ከትናንት ወዲያ ሁለተኛ ደረጃ ከጨረሱ ልጆች ጋር ነው የተጫወተው።

ሁለተኛው ልዩነት ከነጥቡ አጠገብ ያለው አምድ ላይ ነው፦ ኳስ መንጠቅ። ከሪ በመጨረሻ ዓመቱ በጨዋታ በአማካይ 2.5 ኳስ ይነጥቅ ነበር፣ ፍሬዴት 1.3። አሲስት (ጓደኛ እንዲያስቆጥር ኳስ ማቀበል) ላይም ከሪ 5.6፣ ፍሬዴት 4.3። ይህ ትንሽ ይመስላል። ኳስ የሚነጥቅ ልጅ ግን ሁለት ነገር ነው የሚነግርህ፦ እጁና እግሩ ፈጣን ናቸው፣ ተቃራኒው ሊያደርግ ያሰበውንም ቀድሞ ያነባል። ማስቆጠርን አሰልጣኝ በስክሪን (ጓደኛህ ቆሞ ተከላካይህን ሲከልልህ) እና በታክቲክ ሊያግዝህ ይችላል። ለመንጠቅ የሚያዝልህ ታክቲክ የለም።

ለፍትሕ ያህል፣ በ2009 የኤንቢኤ ሰዎችም ከእኔ አልተሻሉም። ከሪ 7ኛ ነበር፤ ሚኒሶታ 5ኛና 6ኛውን ምርጫ በተከታታይ ይዞ ሁለት ፖይንት ጋርዶች (ጨዋታ አደራጆች) ወሰደና እሱን አለፈው። ምክንያታቸው ቀጭን ነው፣ አጭር ነው የሚል ነበር። ሻኛ አይተው ነው።

የሚሻገረውና የማይሻገረው

ኮሌጅ ላይ የሚሠራ ሁሉ ኤንቢኤ ላይ አይሠራም፤ ሜዳው አንድ ይምሰል እንጂ ጨዋታው ይለያል። የኮሌጅ ጨዋታ 40 ደቂቃ ነው፣ ኤንቢኤ 48። ኮሌጅ በዓመት 35 ጨዋታ ገደማ ነው፣ ኤንቢኤ ከማጣሪያው በፊት ብቻ 82። ውርወራ ለመሞከር ኮሌጅ 30 ሰከንድ ይሰጣል፣ ኤንቢኤ 24። የኮሌጅ የሦስት ነጥብ መስመር ከ2019 ወዲህ 6.75 ሜትር ነው፤ የኤንቢኤው ፊት ለፊት 7.24 ሲሆን ወደ ማዕዘኖቹ ብቻ ቀረብ ይላል። ኤንቢኤ ውስጥ ደግሞ ተከላካይ የሚጠብቀው ሰው ሳይኖር ሪንጉ ሥር ከሦስት ሰከንድ በላይ ቆሞ መዋል አይችልም። ኮሌጅ ይህ ሕግ የለም። ይህቺን አስታውሷት፤ ረጃጅሞቹ ጋ ስንደርስ ታስፈልገናለች።

ታዲያ ልጁ ከዚህ አዲስ ርቀት ያስቆጥር እንደሆነ እንዴት ይታወቃል? ብዙ ሰው የሚሮጠው ወደ ሦስት ነጥብ ፐርሰንት ነው። ለፍሬሽ ይህ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። አንድ ፍሬሽ በዓመቱ 60 ጊዜ ወርውሮ 20 ቢያገባ 33 ከመቶ ነው፤ 24 ቢያገባ 40 ከመቶ። አራት ኳስ በሪንጉ ጠርዝ ላይ ተንከባልላ ገባች ወይም ወጣች ማለት ነው፣ ልጁ ግን አንዱ ጋ «ተኳሽ»፣ ሌላው ጋ «አይችልም» ይባላል።

ፍሪትሮ ይሻላል። ማንም አይነካህም፣ ርቀቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፣ እጅህ ብቻውን ይመረመራል። እኔ ቅዳሜ ጠዋት ማራኪ አካባቢ ከልጆች ጋር ስሠራ አንድ ሜዳ አለን፤ ሲሚንቶው ተሰነጣጥቋል፣ አንደኛው ሪንግ ወደ ግራ ያዘነብላል፣ ኳሱ እንደ ሎሚ ለስልሷል። እዚያ ልጁን ፍሪትሮ መስመር ላይ አቁሜ ሪንጉን ሳይሆን ክርኑን ነው የማየው። ክርኑ ከጉልበቱ ጋር አንድ መስመር ላይ ነው ወይስ ወደ ውጭ ይከፈታል? ሁለት ጊዜ ስቶ ሦስተኛውን ሲወረውር አወራወሩን ይቀይራል? የሚቀያይረው ልጅ ገና የራሱ አወራወር የለውም። ያንኑ እየደገመ የሚስተው ግን ሊስተካከል ይችላል።

ከዋይ ሌናርድ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ፍሬዴት በተመረጠበት ድራፍት 15ኛ ወጣ። ሳን ዲየጎ ስቴት ሁለት ዓመት ተጫውቶ በሁለተኛው ዓመት ከሦስት ነጥብ ከመቶ 29 ብቻ ነበር የሚያገባው፤ «መወርወር አይችልም» የተባለውም ለዚህ ነው። ፍሪትሮው ግን ከአራቱ ሦስቱ ይገባ ነበር። እጁ የተበላሸ አልነበረም፣ ያልተሞረደ ነበር። ሳን አንቶኒዮ ገብቶ የውርወራ አሰልጣኙ አወራወሩን አስተካከለለት፣ በመጀመሪያው የኤንቢኤ ዓመቱ ከመቶ 37 በላይ አስገባ። በ2014 እና በ2019 የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች ተባለ። በ2011 ለእሱ አንድ ጥብስ ያስያዘ ሰው ከመካከላችን አልነበረም።

ስለ ሃይላይት፣ ማለትም ምርጥ ምርጡ ተቆርጦ ስለተቀጠለበት ቪዲዮ፣ አንድ ነገር ልናገርና ልለፍ። ሃይላይት የሰርግ ቪዲዮ ነው፤ ሁሉም ይጨፍራል፣ ወጥ አነሰ ብሎ የተጣላ ሰው አይታይም። ዳታ ውድ መሆኑን አውቃለሁ፣ ቢሆንም ከአሥር ሃይላይት አንድ ሙሉ ግማሽ ጨዋታ ይሻላል። ያኔም ለአምስት ደቂቃ ኳሱን ተዉትና ልጁን ብቻ ተከተሉት። ጓደኛው ኳስ ሲያስነጥቅ የመጀመሪያ እርምጃው ወዴት ነው? ወደ ኋላ ለመከላከል ወይስ እጁን ዘርግቶ ዳኛውን ለመክሰስ?

ረጃጅሞቹ

ብዙ ጥብስ የተበላው እዚህ ላይ ነው። በ2009 ከከሪም፣ 3ኛ ከወጣው ከጄምስ ሃርደንም በፊት 2ኛ የተመረጠው ሃሺም ታቢት ነበር። የዳሬሰላም ልጅ፣ 2 ሜትር ከ21፣ የምሥራቅ አፍሪካ ሰው! ወገንነት ያዘንና ሁላችንም አጨበጨብን። ኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ በመጨረሻ ዓመቱ በጨዋታ በአማካይ 13.6 ነጥብ፣ 10.8 ሪባውንድ (ተስቶ የተመለሰ ኳስ መያዝ) እና 4.2 ብሎክ (የተወረወረ ኳስ ማገድ) ነበረው። ማን ይህን ይጥላል?

ሦስት ምልክቶች ነበሩ፣ ሦስቱም በግልጽ የተቀመጡ። ዕድሜው 22 ነበር፣ ማለትም ከ18 እና ከ19 ዓመት ልጆች በላይ ቆሞ ነበር ብሎክ የሚያደርገው። አሲስቱ በጨዋታ በአማካይ ከአንድ በታች ነበር፤ ይህ ለሴንተር፣ ማለትም ሪንግ ሥር ለሚጫወት ረጅም ልጅ፣ ኃጢአት ባይሆንም ጨዋታው በፍጥነት እየገባው እንዳልሆነ ይጠቁማል። ከሁሉ በላይ ግን ሥራው ሪንግ ሥር መቆም ነበር። ቅድም አስታውሱ ያልኳችሁ ሕግ መጣ፤ ኤንቢኤ ውስጥ ቆመህ መጠበቅ አይፈቀድልህም፣ ተቃራኒዎቹም በፒክ ኤንድ ሮል (ስክሪን ሰጥቶ ወደ ሪንጉ መሮጥ) እየጎተቱ ከሪንጉ ያርቁሃል። እግሩ አልደረሰም። ሜምፊስ በ2010 ወደ ታችኛው ሊግ ላከው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ከእሱ በላይ ተመርጦ ወደዚያ የወረደ አልነበረም።

አሁን ከእሱ ጋር ካማን ማሉዋችን አስተያዩ። የደቡብ ሱዳን ልጅ፣ ኡጋንዳ ያደገ፣ ሴኔጋል ባለው የኤንቢኤ አካዳሚ የሠለጠነ፤ በ2024 ፓሪስ ኦሎምፒክ በ17 ዓመቱ ለአገሩ ተሰልፏል። ዱክ አንድ ዓመት ቆይቶ በ2025 10ኛ ተመረጠ። ነጥቡ ከታቢት በጣም ያንሳል፣ ዘጠኝ እንኳ አይሞላም፤ የሚሰለፈውም ግማሽ ጨዋታ ያህል ብቻ ነበር። በነጥብ ከመዘናችሁ ታቢት ይበልጣል። ጥርሱን ካያችሁ ግን ማሉዋች ሲመረጥ 18 ነበር፤ ፍሪትሮውም ከአራቱ ሦስቱ ይገባል። አሲስቱ እንደ ታቢት ከአንድ በታች ነው፣ ይህን አልደብቅም። ሁለቱን በዚያች ሌሊት ብቻ ብታቀርቡልኝ ዓይኔን ሳላሽ ማሉዋችን እወስዳለሁ።

ረጅም ሰው ሲመጣ ሌላው ጥያቄ ጉልበቱና እግሩ ነው፤ የአጥንቱ ማለቴ ነው። በ2007 ፖርትላንድ ግሬግ ኦደንን አንደኛ ወሰደ፣ ሲያትል ኬቨን ዱራንትን ሁለተኛ። ዱራንት ቴክሳስ ፍሬሽ ሆኖ 25.8 ነጥብና 11.1 ሪባውንድ ነበረው፤ ግን ከድራፍቱ በፊት በነበረው የአካል ብቃት ፈተና ላይ 84 ኪሎ ብረት አንዴም መግፋት አቃተው ተብሎ ተሳቀበት። ኦደን ጉልበቱ ከዳው፤ በሙሉ የኤንቢኤ ሕይወቱ የተጫወተው 105 ጨዋታ ነው። ክብደት ማንሳት ጂም ቤት ይሠራል፣ የጉልበት መገጣጠሚያ ግን አይሠራም። ነገር ግን እዚህ ላይ ሕግ ላውጣ ብትሉ ጆኤል ኤምቢድ ያፈርስባችኋል፦ የካሜሩኑ ልጅ ካንሳስ አንድ ዓመት ቆይቶ፣ እግሩ ተሰብሮ በ2014 ሦስተኛ ተመረጠ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አልተሰለፈም፣ በ2023 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆነ። የሐኪም ወረቀት የሌለው ሰው እዚህ ቦታ ላይ ባይወራረድ ይሻለዋል። ያን ወረቀት የሚያዩት ክለቦቹ ናቸው፤ እኔና እናንተ አይደለንም።

ጂሲው የሚሻልበት ጊዜ

እስካሁን ለፍሬሽ ጠበቃ የቆምኩ መስያለሁ። አይደለም። አንቶኒ ቤኔት ላስ ቬጋስ አንድ ዓመት ቆይቶ በ2013 አንደኛ ተመረጠ፣ ኤንቢኤ ውስጥ ግን አራት ሲዝን ብቻ ቆየ። ያን ሌሊት ያኒስ አንቴቶኩንምፖ 15ኛ ነበር፤ ኮሌጅ ያልረገጠ ልጅ ስለሆነ በዚህ ሚዛን አይገባም እንጂ ለቁጭት ያህል ነው ያነሳሁት። ፍሬሽ መሆን ብቻውን ተስፋ አይደለም። ዕድሜ የሚጠቅመው የሚያድግ ነገር ሲኖር ነው።

በሌላ ወገን በ2012 ዳሚያን ሊላርድ አለ። ዌበር ስቴት የምትባል ብዙ ሰው የማያውቃት ኮሌጅ አራት ዓመት ቆይቶ 6ኛ ተመረጠ፤ ወዲያው የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ሆነ። ፍሪትሮው ከመቶ 88 በላይ ነበር። በዚያው ድራፍት ድሬይመንድ ግሪን ሚሺጋን ስቴት አራት ዓመት ጨርሶ 35ኛ ወጣ። ለሴንተር አጭር፣ ለክንፍ ዘገምተኛ ተባለ። ሰንጠረዡን ብታዩት ግን ሪባውንዱ 10.6 ሲሆን አሲስቱ 3.8 ነው። በዚያ ቁመት እንዲህ የሚያቀብል ሰው ጨዋታውን ያነባል ማለት ነው። ጎልደን ስቴት አራት ዋንጫ ሲያነሳ እሱ መሃል ነበር።

ፍሬዴትን ከግሪን የለየው ምንድን ነው? ሁለቱም ጂሲ ናቸው። ፍሬዴት ዋጋ እንዲኖረው ኳሱ በእጁ መሆን አለበት፤ ኤንቢኤ ሲገባ ደግሞ ኳሱን ከእሱ የሚሻሉ ሰዎች ይዘውታል። ግሪን ኳስ ሳይዝም ይከላከላል፣ ስክሪን ይሰጣል፣ ያቀብላል። ጂሲ ስትመርጡ እንግዲህ መጠየቅ ያለበት «ስንት ያገባል?» ሳይሆን «ኳሱን ብንቀማው ምን ይሠራልናል?» ነው። ለፍሬሽ ይህን ጥያቄ ለጊዜው ልትተዉለት ትችላላችሁ፣ ለ22 ዓመት ሰው ግን አይተውም።

ገዢው ማን እንደሆነም ይወስናል። ዘንድሮ ዋንጫ የሚፈልግ፣ ኮከብ ያለው ክለብ ሦስት ዓመት ቆሞ የሚጠብቀው ፍሬሽ ምን ያደርግለታል? ከታች ያለው ክለብ ግን ጊዜ አለው። በተጨማሪ ገበያው ራሱ ተቀይሯል፤ ከ2021 ወዲህ የኮሌጅ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ይችላሉ፣ ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ኮሌጆቹ ራሳቸው መክፈል ተፈቅዶላቸዋል። ስለዚህ መካከለኛው ልጅ ቸኩሎ ከመውጣት እዚያው ቢቆይ አይጎዳም። ይህ ማለት የምናየው ጂሲ 23 እና 24 ዓመት እየሆነ ነው፤ 20 ነጥብ አስቆጠረ ሲባል እነማን ላይ እንደሆነ ከበፊቱ ይበልጥ ጠይቁ።

እኔ አሁን ሁለት ስም ሲቀርብልኝ መጀመሪያ የተወለዱበትን ቀን አያለሁ። ከዚያ ፍሪትሮ፣ ኳስ መንጠቅና አሲስት፣ በዚሁ ቅደም ተከተል ለአጭር ልጅ፤ ለረጅሙ ደግሞ አሲስቱን ወደ ፊት አመጣዋለሁ። በመጨረሻ ነጥቡን አያለሁ። እኩል ከሆኑብኝ ትንሹን እወስዳለሁ። ከዚያ በላይ ሌሊቱን ማምሸት ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ይህንኑ በራሴ ሜዳ ሞከርኩት። ለክረምት ሥልጠና አንድ ልጅ ብቻ ላክ ተብዬ ሁለት ነበሩኝ። አጭሩ 18 ዓመቱ ነው፣ ሁሉን ያውቃል፣ ከአሥር ፍሪትሮ 8 አገባ። ረጅሙ ከእኔ በአንድ ክንድ ይበልጣል፣ 4 ብቻ አገባ፣ ክርኑ ግን አራቱም ላይ ስድስቱም ላይ አንድ ነበር። ዕድሜውን እናቱን ብጠይቃቸው «የጥምቀት ማግሥት ነው የወለድኩት» አሉኝ፤ ዓመቱን ለማግኘት የክትባት ካርድ እስኪፈለግ ጠበቅኩ፤ 15 ሆነ። ያም ሆኖ እጄ ወደ አጭሩ ያዘነብል ነበር። ከዚያ አንድ ኳስ ሪንጉን መትታ፣ ከሜዳው ወጥታ ቁልቁለቱን ወደ መንገዱ ተንከባለለች። ሁለቱም ሮጡ። ረጅሙ ግን መሮጥ የጀመረው ኳሷ ገና ሪንጉን ሳትነካ ነው። ካርዱን ከእናቱ ተቀብዬ ስሙን ጻፍኩ።